ጦሱ ለማን ይተርፋል?

«እህታችን፣ አንቺ የምትሄጂው ለሰው ቤት ሥራ አይደለም። ጌታ ወደዚያ ምድር የላከሽ ሚሲዮናዊ ነሽ።»

ይህን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ኮተቤ ውስጥ፣ በአንዲት ጎረቤቴ ሳሎን በተደረገ የስንብት ጸሎት ላይ ነው። ተጓዧ 22 ዓመቷ ነው። ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል፤ እናቷ የሥራ ውሉን ወረቀት አጣጥፋ በእጇ ይዛለች። መድረሻዋ ሳውዲ ዓረቢያ ነው። ሰባኪው እጁን ጫነላት፣ ጸለየላት፣ ሁላችንም «አሜን» አልን። እኔም አልኩ። ቤቴ ስገባ ግን ያ አሜን አልዋጥ አለኝ።

ሰባኪው ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ለምን እንዲያ እንዳላት የገባኝ ይመስለኛል። በደላላ እጅ ተመዝና፣ ተለክታ፣ ፎቶ ተነሥታ ለምትላክ ልጅ «የሰው ገረድ ሳትሆኚ የአምላክ መልእክተኛ ነሽ» ማለት አንገቷን ቀና የሚያደርግ ቃል ነው። የከነከነኝ ሳይነገር የቀረው ነው። ሕጉ ቢከለክልም አሠሪዋ ፓስፖርቷን ሊይዝባት እንደሚችል፣ በዚያ አገር ከእስልምና ውጭ ያለ አምልኮ በአደባባይ እንደማይፈቀድ፣ ሌላ ሃይማኖት መስበክ እንደሚያሳስር፣ አንድ ነገር ቢደርስባት ማን ዘንድ እንደምትደውል የነገራት የለም። የእርሷን ቃል ሰምቶ ልቡ የተነካ ሰው፣ የቤቱ ልጅ ይሁን ሾፌሩ ወይም ከሌላ አገር የመጣች የሥራ ጓደኛዋ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ጭራሹን ያነሣው አልነበረም።

ክርስትና በማይወደድበት አገር ስለሚሰብክ ሰው ሲነሣ ዘወትር የምንጠይቀው «ለመሞት ቆርጧል ወይ?» ብለን ነው። ቆራጥነቱን እናደንቃለን፣ ወይም ሞኝነት ነው ብለን እናዝናለን፤ ወሬያችን ሁሉ በሄደው ሰው ላይ ያልቃል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ የቀለለው ነው ባይ ነኝ። ሰው በራሱ ነፍስ ላይ መወሰን ይችላል። ከባዱ ሌላ ነው፤ ጦሱ ለማን ይተርፋል?

አንባቢ በየትኛው ወገን ቆሜ እንደምጽፍ ማወቅ ስላለበት አንድ ነገር ልናገር። እናቴ የየካ ሚካኤል ምእመን ናት፤ ጥር 12 ታቦቱ ከጃን ሜዳ ሲመለስ ሳትሸኝ የቀረችበትን ዓመት አላስታውስም። የአክስቴ ባል ደግሞ በደርግ ዘመን በድብቅ ይጸልዩ ከነበሩት ጴንጤዎች አንዱ ነው። ሁለቱም በአንድ ማዕድ ላይ አሳድገውኛል። ስለዚህ ወንጌል አይሰበክ የምል ሰው አይደለሁም። ያመነበትን መናገር የማይችል ሰው እምነቱ ነጻ ነው ለማለት ይከብደኛል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን ማስተማርንና መግለጽን ከመብት የቆጠረው፣ በዚያው አንቀጽም ማንንም ማስገደድን የከለከለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከጸሎቱ ማግስት ቅዳሜ ነበር፤ ወደ የካ ዋሻ ሚካኤል ወጣሁ። መንገዱ በባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ያልፋል፤ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ወደ ከተማው ይወርዳሉ። ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ፣ ጣራው የፈረሰ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዕድሜው ላይ የታሪክ ሰዎች ቢለያዩም በአካባቢው የሚተረከው አብርሃና አጽብሃ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አሠሩት ተብሎ ነው። አብርሃና አጽብሃ ሲነሡ ደግሞ ፍሬምናጦስ ይነሣል፤ ልሄድበት የፈለግሁትም ወደ እርሱ ነው።

ወደዚህ አገር ወንጌል ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ጳጳስ ሲመጣ ሰባኪ አልነበረም። ከጢሮስ የመጣ ልጅ ነበር። የተሳፈረበት መርከብ ወደብ ላይ ተጠቅቶ ሰዎቹ ሲያልቁ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር ተርፎ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰደ። ለዚያ ልጅ አክሱም የጠላት አገር ነበረች። እርሱ ግን ቋንቋውን ተማረ፣ ንጉሡን አገለገለ፣ ንጉሡ ሲሞት በንግሥቲቱ ልመና አልጋ ወራሹን እያሳደገ አገር አስተዳደረ። ለአምልኮ የፈለገውም መጀመሪያ እዚያው ይነግዱ ለነበሩ ክርስቲያኖች መጸለያ ቦታ ነበር። ጳጳስ እንዲሰጠው ወደ እስክንድርያ፣ ወደ አትናቴዎስ የሄደው ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው፤ አትናቴዎስም እርሱኑ ሾሞ መለሰው። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው ሰው አገሬው ካወቀው፣ እርሱም አገሬውን ካወቀ በኋላ የተላከ ሰው ነው። አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ የሚደርሰው ቅጣት በራሱ አንገት ላይ ነበር፤ የሚሸሽበት አገር፣ የሚቆጣለት መንግሥት አልነበረውም።

ከዋሻ ሚካኤል ወደ ከተማው ሲወረድ ከእንጦጦ እግር ሥር በዛፍ የተሸፈነው የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ አለ። መሬቱን የሰጡት አጼ ምኒልክ ናቸው። በዚያ አጥር ሥር ባለፍኩ ቁጥር የምኒልክን ደግነት ትቼ የማስበው ስለ አንድ ሚሲዮናዊ ነው፤ ስለ ሄንሪ ስተርን።

ስተርን ጀርመን የተወለደ፣ ከይሁዲነት ወደ ክርስትና የገባ፣ ለንደን ያለ ማኅበር ቤተ እስራኤልን እንዲሰብክ የላከው ሰው ነበር። አጼ ቴዎድሮስ ለእንዲህ ያሉ ሰባኪዎች ፈቃድ የሰጡት በአንድ ቃል ኪዳን ነው፤ ያመነው ሰው ተጠምቆ የሚገባው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አዲስ ሃይማኖት አይተከልም። ስተርን የመጀመሪያ ጉዞውን ጨርሶ ወደ አውሮፓ ተመለሰና ስለ ቤተ እስራኤልና ስለ አገሩ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ እናት ኮሶ ሻጭ ነበረች የሚለውን የጠላት ወሬ አሰፈረ። ከዚያም መጽሐፉ ለንደን ውስጥ እየተሸጠ እርሱ ወደዚሁ አገር ተመለሰ። ወደ ቤቱ ያስገባውን፣ የፈቀደለትን፣ የሸኘውን ንጉሥ ለአገሩ አንባቢ አዋርዶ ሲጽፍ የጻፈው ተመልሶ እዚህ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። ወይም የሚቀጣው ሰው እርሱ ብቻ ይሆናል ብሎ አስቦ ይሆናል።

በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ስተርን ሊሰናበት ወደ ንጉሡ ሰፈር ሄደ። ያን ቀን መጀመሪያ የተመቱት ሁለት አገልጋዮቹ ነበሩ፤ በዱላ ተደብድበው እዚያው ሞቱ። ስተርን በድንጋጤ ጣቱን ነከሰ። በእኛ አገር ጣት መንከስ ዛቻ ነው፤ «ቆይ፣ አሳይሃለሁ» ማለት ነው። እርሱም ተደበደበ፣ ታሰረ፤ ወረቀቱ ተበረበረ፤ የጻፈው ሁሉ ተተርጉሞ ለፍርድ ቀረበበት። ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ሳይመለስ መቅረቱ ዋናው ቁስል ነበርና ጦርነቱን ሁሉ በስተርን ጫንቃ ላይ መጣል ፍርድ ማዛባት ይሆናል። ግን ያ መጽሐፍ ቁስሉ ላይ የተነሰነሰ ጨው ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ሊያስታርቅ የመጣው ራሳም ታሰረ፤ በጋፋት መድፍ የሠሩት ሚሲዮናውያን ሳይቀሩ ታሰሩ። ናፒየር የእንግሊዝን ጦር ይዞ መጣ። በመቅደላ አቅራቢያ አሮጌ ላይ በአንድ ከሰዓት 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፤ ታቦቱና ብራናው ተጭኖ ሄደ፤ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በሰው አገር ሞተ።

ስተርን ግን በሰላም ወጣ። አገሩ ገብቶ ስለ እስራቱ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። እስራቱን አላቃልልም፤ አራት ዓመት ተኩል በሰንሰለት መኖር ቀላል መከራ አይደለም። ነገር ግን ለእርሱ የመጣለት ጦር ለእነዚያ ሁለት አገልጋዮች አልመጣም። ሊመጣላቸውም አይችልም ነበር። ያ ሚሲዮናዊ ሲናገርም ሲጽፍም ከኋላው መንግሥት ነበረው፤ ሻንጣውን የተሸከሙለት፣ ቃሉን የተረጎሙለት ሰዎች ከኋላቸው ማንም አልነበረም።

ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ከምናምን በፊትም እንዲሁ ነበር። ኢየሱሳዊው ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ገብቶ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ እየታገሠ፣ እየተከራከረ አጼ ሱስንዮስን እስከ ማሳመን ደረሰ። በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ጾሙና ሥርዓቱ ይለወጥ አለ። አገር ታመሰ። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ከላስታ የተነሣው ዐመፀኛ ገበሬ በንጉሡ ጦር ታረደ፤ የሞተው 8 ሺህ ነው ይባላል። ሱስንዮስ ያን ሬሳ አይተው የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ሜንዴዝ በመንገድ ብዙ ተንገላታ፣ ግን ተርፎ ጎዋ ገብቶ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሮ ሞተ። በ1630 ዓ.ም. ጎንደር የገቡት ሁለት የካፑቺን መነኮሳት፣ አጋታንጆና ካስያኖ፣ ተሰቀሉ። እነርሱ ያደረሱት በደል አልነበረም፤ የወረሱት የሜንዴዝን ስም ነው። ጦሱ ለአገሬው ብቻ ሳይሆን ተከትሎ ለሚመጣው ሰባኪም እንደሚተርፍ እነዚህ ሁለቱ ምስክር ናቸው።

ይህን የምዘረዝረው የአውሮፓን ሰው ለመክሰስ አይደለም። «ጥላቻ ያለበት አገር» የሚለውን ቃል ዛሬ ለሌላው ስንለጥፍ እኛም ለሦስት መቶ ዓመት በዚያ ስም ስንጠራ እንደኖርን እንዳንረሳ ነው። ጥላቻው ያለ ምክንያት አልበቀለም፤ የዘራው ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥትም ከዚህ ተምሮ በ1936 ዓ.ም. የሚሲዮኖች ድንጋጌ አወጣ። ድንጋጌው አገሩን ለሁለት ከፈለ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ባሉበት «ዝግ» ክልል ሚሲዮን ማስተማርና ማከም እንጂ ሃይማኖት ማስለወጥ አይችልም፤ በተቀረው «ክፍት» ክልል ይችላል፤ አዲስ አበባ ለሁሉም ክፍት ናት። የድንጋጌውን አከፋፈል አልደግፍም፤ የሰውን ሃይማኖት በሚኖርበት ወረዳ ይወስናልና። ነገር ግን አንድ ነገር በትክክል አይቶ ነበር። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው በታማሚውና በተማሪው ላይ ሥልጣን አለው፤ ሥልጣን ባለበት ደግሞ ስብከት በቀላሉ ወደ መግዛት ይንሸራተታል። በኩኒን ሰበብ የተገኘ ነፍስ ኩኒኑ ሲያልቅ የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

በእኛ ዘመን ያለው ዓለምም ከዚህ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ2007፣ በሐምሌ ወር፣ 23 ኮሪያውያን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አፍጋኒስታን ውስጥ በታሊባን ተያዙ። ሁለቱ ተገደሉ፤ የተቀሩት የተለቀቁት መንግሥታቸው ተደራድሮ፣ ወታደሩን በዓመቱ መጨረሻ ለማስወጣትና ሚሲዮናውያን እንዳይሄዱ ለመከልከል ቃል ገብቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኅዳር ጆን አለን ቻው የተባለ የ26 ዓመት አሜሪካዊ ማንም እንዳይደርስበት የሕንድ ሕግ ወደሚከለክለው ወደ ሰሜን ሴንቲኔል ደሴት ሄዶ በቀስት ተገደለ። ደሴተኞቹ ከሌላው ዓለም ተለይተው የኖሩ ስለሆኑ ተራ ጉንፋን እንኳ ሊጨርሳቸው ይችላል። ቻው በራሱ ላይ ወስኗል፤ ለዚያ ቆራጥነቱ ክብር እሰጣለሁ። በጀልባ ያደረሱትን ድሆች ዓሣ አጥማጆች ግን ፖሊስ አሰራቸው። የደሴቱ ሰዎችም ስለ ጉንፋኑ የጠየቃቸው አልነበረም።

አደጋው ወደ እኛ የቀረበበትን ሁለት ቦታ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2006 ሞቃዲሾ ውስጥ ነርሶችን ታሠለጥን የነበረች ጣሊያናዊት መነኩሲት፣ እኅት ሌዮኔላ ስጎርባቲ፣ በጥይት ተመታች። እየሞተች በቋንቋዋ «ይቅር ብያለሁ» አለች ይባላል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2018 ብፅዕት ብላታለች። አብሯት የሞተው ጠባቂዋ መሐመድ ማሕሙድ ግን ሙስሊም ነበር፤ ሊከላከልላት ሲል ነው የወደቀው፤ የአራት ልጆች አባት ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2016 ደግሞ ታጣቂዎች የመን፣ ኤደን ውስጥ የማዘር ቴሬዛ እኅቶች አረጋውያንን በሚጦሩበት ቤት ገብተው 16 ሰዎች ገደሉ። አራቱ መነኮሳት ናቸው። ከቀሩት መካከል እዚያ ይረዱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። እነዚያ እኅቶች የሚያጥቡትን ሽማግሌ ሃይማኖቱን አልጠየቁም፤ ማንንም አላታለሉም፤ ጦርነቱ ሲመጣ ሽማግሌዎቹን ጥለው አልሄዱም። ሚሲዮን ይህን ከመሰለ የምቃወመው ነገር የለኝም። ያም ሆኖ የእኛዎቹ ልጆች ስም ከአራቱ ጋር ሲጠራ አልሰማሁም።

የመሞቱ ነገር ሲነሣ ሊቢያ ላይ የታረዱትን ወንድሞቻችንን እያነሡ «እነርሱ ሚሲዮናውያን ሆኑ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ያን ምስል ያየ የአዲስ አበባ ሰው መቼም አይረሳውም። እነርሱ ግን እንጀራ ፍለጋ የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። ሰማዕትነቱ መጣባቸው፣ ተቀበሉት፤ ቤተሰባቸውም ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ያከብሯቸዋል። ማንም «ሂዱና ሙቱ» ብሎ አልላካቸውም። የመጣን ሞት በእምነት መቀበልና ሌላውን ሰው ወደ ሞት መላክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ጉዳይ የሚወስደኝ ከሊቢያ ይልቅ የጅዳው ነው። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጅዳ ውስጥ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በአንዳቸው ቤት ለገና ዝግጅት ሲጸልዩ ተያዙ። 29ኙ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በቤት ሠራተኛነት የሚኖሩ። የተከሰሱት ወንድና ሴት ሆነው በመቀላቀላቸው ነው ተባለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው ሴቶቹ በሚያዋርድ ሁኔታ ተፈተሹ፣ ወንዶቹ ተደበደቡ። ለወራት ታስረው በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አገር ተባረሩ። እነዚህ ሰዎች አደባባይ ወጥተው አልሰበኩም፤ በር ዘግተው ነው የጸለዩት። በር ዘግቶ መጸለይ ይህን ካመጣ፣ ለአሠሪዋ ልጅ ስለ ኢየሱስ መናገር ለዚያች የ22 ዓመት ልጅ ምን ሊያመጣባት ነው?

ለአሠሪዋ ልጅስ? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የእኛን ቤት እናስብ። በየካ ስንት ቤት ውስጥ ሞግዚት አለች። አንዷ ሞግዚት እናት ሥራ ላይ ሳለች የአራት ዓመት ልጇን በምሥጢር ሌላ ሃይማኖት ብታስተምር፣ ኦርቶዶክስ ብንሆን፣ ሙስሊም ብንሆን፣ ጴንጤ ብንሆን፣ አንዳችንም «የእምነት ነጻነቷ ነው» አንልም። ተደፈርን እንላለን። ሕፃን በእጇ ያለ ሰው ለሕፃኑ የሚናገረው ቃል እንደ ማንኛውም ጎልማሳ ቃል አይደለም። ጎልማሳ ሰው ጠይቆ፣ አመዛዝኖ፣ የሚደርስበትን አውቆ ቢያምን ምርጫው የራሱ ነው፤ እምነትን መተው በሞት ሊያስቀጣ በሚችልበት አገር ግን ያ «የሚደርስበትን አውቆ» የሚለው ቃል ትልቅ ነገር ነው። ሱዳን ውስጥ በ2006 ዓ.ም. ሞት የተፈረደባት ሚሪያም ኢብራሂም ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ እናቷ በክርስትና ያሳደገቻት ሴት ነበረች። ሃይማኖቷን የለወጠች አልነበረችም፤ አባቷ ሙስሊም ስለሆነ ሕጉ እንደ ከዳተኛ ቆጠራት። እስር ቤት ውስጥ ወለደች። ነጻ የወጣችው ዓለም ሁሉ ስለጮኸላት ነው። ዓለም የማይጮኽለት ሰው ብዙ ነው።

ስለ ማታለሉም ዝም ማለት አይቻልም። ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ሰበከ፤ ስለዚህ ነርስ፣ አስተማሪ፣ ነጋዴ ሆኖ መግባት ተገቢ ነው ይባላል። ነርሷ በእውነት ነርስ ከሆነች፣ ለበሽተኛዋ የምትሠራው ሥራ ሙሉ ከሆነ፣ ማን እንደሆነች ስትጠየቅ ካልዋሸች፣ ልክ ነው። ጳውሎስ ግን የሰፋው ድንኳን ዝናብ የሚከላከል እውነተኛ ድንኳን ነበር። ስሙ ብቻ ያለ ድርጅት ከፍቶ ፈቃድ ማውጣት ውሸት ነው፤ በተጋለጠ ቀን ደግሞ እውነተኛው ሐኪም ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል፣ ክሊኒኩ ይዘጋል፣ በሽተኛው ይቀራል።

የሚሲዮን ወዳጆች የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «መከራ ቤተ ክርስቲያንን አሳደጋት እንጂ አላጠፋትም» ይላሉ፤ ማስረጃቸውም ከቤታችን ነው። ጣሊያን የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎችን በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲያባርር የቀሩት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ ደርሰው አገኟቸው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ 5 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት፤ በ1983 ዓ.ም. ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ብቅ አሉ። እውነት ነው፤ የሚያስደንቅም ነው። ነገር ግን በወላይታ የተገረፉት እንደ ወንዳሮ ያሉ አማኞች በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ለገዛ ጎረቤታቸው ነው የመሰከሩት፤ ሲገረፉም ጀርባው የራሳቸው ነበር። ምጽዋ ላይ ከባርነት ነጻ ወጥቶ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1891 ዓ.ም. ያሳተመው ኦኔሲሞስ ነሲብም እንዲሁ ነው፤ ተከሰሰ፣ እንዳይሰብክ ተከለከለ፣ እዚያው ነቀምት ከወገኑ ጋር ኖረ።

ጉዲና ቱምሳም ከእነዚህ ጋር ይቆጠራል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳለ ደጋግሞ ታስሯል፤ ከአገር እንዲወጣ ወዳጆቹ በር ከፍተውለት ነበር። መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አለ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ኡራኤል ካለው ቤተ ክርስቲያን አስተምሮ ሲወጣ ታፈነ፤ ተገደለ፤ አጽሙ የተገኘው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ባለቤቱ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰረች። በዚያው 1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። ጉዲና የሞተው መሄድ እየቻለ ሌሎቹን ብቻቸውን ላለመተው ብሎ ነው። እኔ የማውቀው ትልቁ የሚሲዮን ሥነ ምግባር ይሄ ነው፤ አደጋ ሲመጣ መውጫ ያለው ሰው መውጫ ከሌለው ጋር መቅረቱ።

ወደ የካ ልመለስ። ባለፈው እሑድ የአክስቴን ባል ስለዚያ ዘመን ጠየቅሁት። ጋሼ ብዙ አያወራም፤ ያን ቀን ግን አወራ። የሚጸልዩት በየሳምንቱ ቤት እየለወጡ ነበር። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፤ ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ለስላሳ ይቀመጣል፤ የተጠየቀ እንደሆነ ልደት ነው ይባላል። መዝሙር በሹክሹክታ ነው። አንድ ላይ ተጠርቅመው አይገቡም፣ አንድ ላይ አይወጡም። አዲስ ሰው የሚመጣው ሁለት ሰው ሲመሰክርለት ብቻ ነው። ልጆች አይነገራቸውም ነበር። «ለምን?» አልኩት። «ሕፃን ልጅ ቀበሌ ተጠርቶ እንዲዋሽ አናስገድደውም፤ እውነቱን ተናግሮም አባቱን አስገደልኩ ብሎ እንዲኖር አንፈልግም» አለኝ። አዲስ አማኝ ሲመጣ ደግሞ ከመጸለያቸው በፊት የሚደርስበትን ሁሉ ይነግሩት ነበር፤ ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል፣ ሊታሰር እንደሚችል። «ሰምቶ የሄደ አለ» አለ ጋሼ። «አልተቀየምነውም።»

ይህን ስሰማ ያ የኮተቤው ጸሎት የበለጠ ከነከነኝ። ዕውቀቱ እኛው ዘንድ ነበር። ከውጭ ማንም ሳያስተምራቸው፣ በዚህ ኮረብታ ሥር የኖሩ ሰዎች ደካማውን ከጦሱ እየጋረዱ ማምለክን ያውቁበት ነበር። ልጆቻቸውን ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ ሲልኩ ያን ጥበብ አብረው አልላኩትም። ያችን ልጅ እጅ ጭነው ሚሲዮናዊ ናት ብለው ላኳት እንጂ፣ እነርሱ ራሳቸው አንድን አዲስ አማኝ ሊቀበሉ ሲሉ የሚነግሩትን ያህል እንኳ አልነገሯትም። ሚሲዮናዊ ከተባለች ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ላኪ ደግሞ ይጠየቃል። ስታመልጥ ትኬቷን፣ ስትታሰር ጠበቃዋን፣ ስትመለስ ቤቷን የማያስብ ላኪ «ሚሲዮናዊ» የሚለውን ቃል ከአፉ ሊያወጣው አይገባም።

በየካ፣ በኮተቤ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ያላችሁ፣ በደርግ ዘመን በሹክሹክታ የዘመራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። የምትሄድ ልጅ ባለች ቁጥር ከጸሎቱ በፊት አንድ ሰዓት ከእርሷ ጋር ተቀመጡ። የፓስፖርቷን ቅጂ ያዙ። የቆንስላውን ስልክ በቃሏ ታጥና። የማታውቀው ሰው ወደ ጸሎት ሲጠራት ማን እንደመሰከረለት ትጠይቅ። በእጇ ላለው ሕፃን ፍቅሯን ትስጠው፤ ከእናቱ የሚደበቅ ቃል ግን አትስጠው። ሚሲዮናዊነቱን እምቢ ብትል ደግሞ እንዳልተቀየማችኋት ንገሯት።

ልጅቷ ደርሳ ደውላለች። ፓስፖርቷን የተቀበሏት ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ስትወጣ ነው። የቆንስላው ስልክ ቁጥር እስከ ትናንት ማታ ድረስ አልነበራትም።